አራት መቶ ግራም

«ጫማህን አውልቅ፣ ጋሼ ሚዛን። ቀበቶህንም ፍታ። ጥርስህ የሚወልቅ ከሆነ እሱንም አስቀምጠው» አለ የጫኚዎቹ አለቃ።

ሚዛነኛው ጫማውን አወለቀ። ቀበቶውን ፈታ፤ ቁልፎቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ የእህል መመዘኛው ብረት ላይ ወጣ። ብረቱ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ካልሲውን አልፎ እግሩን ያዘው። እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ጆንያ ዝም ብሎ ቆመ።

የጫኚዎቹ አለቃ ወደ ቁጥሩ ጎንበስ አለ። ለወትሮው አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አሁን ግን ቁጥሩን ደግሞ አየው።

«ስንት ይላል?»

«ዘጠና አምስት።»

«ባለፈው ዓርብ ዘጠና አራት ነበርኩ።»

«እኔ የማየውን ነው የምነግርህ።»

ሚዛነኛው ወረደ። ጫማውን ሳያደርግ ጥግ ወዳለው ሣጥን ሄዶ ሃያ ኪሎ የሚመዝነውን የመፈተሻ ብረት አወጣና መመዘኛው ላይ ጫነው። ሃያ። ሁለተኛውን ጨመረ። አርባ። ሚዛኑ ጥፋት የለበትም።

ይህን በየጠዋቱ ሲያደርገው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ብረቱ ሳይወጣ የማንም ጆንያ አይወጣም። ሹፌሮች በር ላይ ተሰልፈው ጥሩምባ ቢነፉም እሱ ብረቱን ጭኖ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ አውርዶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነው በሩን የሚያስከፍተው። ጋሼ ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡለት በዚህ ነው። ግማሹ ሲያከብረው እንዲህ ይለዋል፣ ግማሹ ሲያሽሟጥጠው። እሱ ለሁለቱም አቤት ይላል።

«ደብቀህ የምትበላው ነገር የለም?» አለ የጫኚዎቹ አለቃ።

«የለም።»

«እንግዲህ ቅጠሉ ነዋ። በሬም እኮ ሳር በልቶ ነው የሚሰባው።»

ሚዛነኛው አልሳቀም። ቀበቶውን አጠበቀ። ከአንድ ወር በፊት ራሱ በሚስማር የበሳው አዲስ ቀዳዳ ነበር፤ ዛሬ እዚያ ለመድረስ ሆዱን መሳብ አስፈለገው።

ቀጠሮው ሰኞ ነው። ለሰኞ ዘጠና ኪሎ መሆን ነበረበት።

የእህቱ ሁለት ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። መምህርት ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ደሟን በመሣሪያ ታሳጥባለች፤ የቀረውን ቀን ታስተምራለች፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከፍ አድርጋ መጻፍ ግን ትታለች። ዘመድ ተመርምሮ የተስማማው የእሱ ኩላሊት ነው። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሁሉ ካገላበጠ በኋላ ወደ ሆዱ ተመለከተ። አንድ መቶ አንድ ኪሎ ይዘው ቢላዋ አላስነካዎትም አለው። ዐሥር ሳምንት ሰጠው። ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ያልፍና እንደገና የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

«ሦስት ወር ለእርስዎ ሦስት ወር ነው» ብሎት ነበር ሐኪሙ። «ለእሷ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ሆስፒታሉ የሰጣቸውን የምግብ ወረቀት እህቱ በመምህር እጇ በትልልቅ ፊደል ገልብጣ፣ ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ራሷ ለጠፈችው። ሰኞ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ኪያር በሎሚ። ማክሰኞ ጥቅል ጎመንና ካሮት፣ በቀጭኑ የተከተፈ። ረቡዕ የተቀቀለ ቀይ ሥር በሽንኩርት። ሐሙስ ምስርና ቃሪያ። ዓርብ ሰላጣ ከአንድ የተቀቀለ እንቁላል ጋር። እንዲህ እያለ እስከ እሑድ። ከእያንዳንዱ ሥር በቀይ ቀለም «ዘይት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ምሳ ከአራት መቶ ግራም አይበልጥም።»

ሚዛነኛው የወደደው ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ነበር። የቀረው ለእሱ የባዕድ አገር ወሬ ነው። አራት መቶ ግራም ግን ቋንቋው ነው። ከመጋዘኑ ዕቃ ቤት አሮጌ የናሙና ሚዛን አስፈቅዶ ወሰደና ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ባዶውን ምሳ ዕቃ ጭኖ ቁጥሩን ወደ ዜሮ እንዴት እንደሚመልሱ ለሚስቱ አሳያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ማለዳ ትሞላለች፤ እሱ መጋዘን ደርሶ እንደገና ይመዝናል፤ በደብተሩም ይጽፋል። አንድም ቀን አራት መቶ አልፎ አያውቅም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ከልክ አይወጣም።

በስድስት ሳምንት ከአንድ መቶ አንድ ወደ ዘጠና አራት ወረደ። ከዚያ ቆመ። ጥርሱን ነክሶ ራት ቀነሰ፤ ወደ ሥራ በእግሩ ሄደ፤ ሻዩን መራራ ጠጣ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ዛሬ ይባስ ብሎ ጨመረ።

ረፋዱ ላይ እህቱ ደወለች። ዓርብ የእጥበት ቀኗ ነው። ከጀርባዋ የመሣሪያው ድምፅ ይሰማል።

«ወንድም ጋሼ፣ ስንት ሆንክ?»

ሚዛነኛው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያልሆነ ክብደት ጽፎም ተናግሮም አያውቅም።

«ዘጠና አምስት።»



«አንድ ነገር ልበልህ፤ አትቆጣኝ።»

«በይ።»

«ከፈራህ፣ መፍራት ነውር አይደለም። ለሐኪሙ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ማንም ሰው ምንም አይልህም። እኔም አልቀየምህም።»

«አልፈራሁም።»

«እሺ።»

«ሚጢጢ፣ አልፈራሁም አልኩሽ።»

«እሺ ብያለሁ እኮ፣ ወንድም ጋሼ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይህችን እሺ ያውቃታል። ሚጢጢ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ፣ ትመለሳለች እኮ ሲሏት እንዲህ ነበር እሺ ያለችው። አላመነችም፤ ሰው እንዳታስቸግር ብላ ነው። እናታቸው አልተመለሰችም። ሚጢጢም አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ገና በተጋባ በስድስተኛ ወሩ፣ እሱና ሚስቱ ቤት ገባች። ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ ግን ያው ነው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የጭነት መኪና ገባ። ሚዛነኛው ጆንያዎቹን ገና ከሩቅ ሲያያቸው አልወደዳቸውም። አፋቸው ላይ ረግበው፣ ጎናቸው ተሸብሽቦ ነው የተደረደሩት። ወደ መመዘኛው ሲወጡ ግን እያንዳንዱ ሙሉ ኪሎውን ይደፋል። አስፈታቸው። ሹፌሩ ቁጥሩ ሞልቶ እያየ ምን ይፈልጋል ብሎ ጮኸ። ሚዛነኛው ረጅሙን የናሙና ማውጫ ብረት እስከ ታች ሰድዶ አወጣው። ከላይ ደረቅ እህል፣ ከታች ውሃ የጠጣ። መኪናውን መለሰው። ጎድሎ የሚታይ ጆንያ ሙሉ ከመዘነ፣ ውስጡ ያለው እህል ብቻ አይደለም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ለምዶት ነው።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ወጡ። እሱ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛውን ጠርጎ ምሳ ዕቃውን ትንሿ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። አራት መቶ። እርሳሱን አነሳ። ክዳኑን ሲከፍተው እጁ ደብተሩ ላይ ቆመ።

ዕቃው ግማሽ ነው።

ከዐሥር ሳምንት በፊት ክዳኑ አልገጥም ብሎ፣ ቅጠሉ ከሥሩ እንደ ጸጉር ብቅ ብቅ ይል ነበር። ያኔም አራት መቶ። ዛሬም አራት መቶ። ቅጠሉ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ስለ ጎደለ ዓይኑ አልያዘውም። ሰላጣው ከሳምንት ሳምንት እየጣፈጠው መጥቶ ነበር፤ እሱ መልመድ ነው ብሎ ቆጠረው። ለውዝ አፉ ውስጥ ሲገባም ለጣዕም ጣል ያደረገችበት መሰለው። እጅሽ ነው ብሎም አመስግኗታል። ስትመሰገን ፊቷን ማዞሯን አሁን አስታወሰ።

ሚዛኑን በብረት ፈትኗል። ራሱን በየሳምንቱ ፈትኗል። ምሳ ዕቃውን ግን ከማን እጅ እንደ መጣ ስለሚያውቅ፣ ቁጥሩን እንጂ ውስጡን አይቶ አያውቅም።

ተነሥቶ ከግቢው ሻይ ቤት አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ለመነ። ሰላጣውን እህል የሚነፋበት ትንሽ ወንፊት ላይ ገለበጠው። ሥሩ ብርጭቆ አስቀምጦ ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰበት። ከዚያ ተቀመጠና ጠበቀ። ብርጭቆው ውስጥ ውሃው ጠለለ፤ ዘይቱ ከፍ ብሎ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ጣቱን አግድም አድርጎ ለካው። አንድ ጣት ሙሉ። ወንፊቱ ላይ ደግሞ ከቅጠሉ ሥር እርጥብ የለውዝ ዱቄት ቀርቷል። ዘገነው፤ ሁለት እፍኝ ሞላ።

ማንኪያ አሳስቷት ይሆናል ብሎ ለማሰብ ሞከረ። ግን ለውዝ የሚፈጭ ሰው ማንኪያ አሳስቶት አይደለም።

የጫኚዎቹ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሰላጣህን ታጥባለህ እንዴ፣ ጋሼ ሚዛን?»

ሚዛነኛው ብርጭቆውን በደብተሩ ከለለው።

«አፈር ነክቶት ነው።»

ውሸት ነበር። ከአፉ ሲወጣ ምንም አልከበደውም። ይኸው ነው የገረመው።

በደብተሩ በዚያ ቀን አንፃር ምንም አልጻፈም።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋለች። ለስድስት ሰው የሚበቃ ክር ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ሚዛነኛው ከቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አወጣ፤ ዘይቱን ከብርጭቆው ቀድቶ ያመጣበት ነው። ከመቀሱ አጠገብ አስቀመጠው።

መኪናው ቆመ።

«ምንድን ነው?»

«የዛሬ ምሳዬ።»

እግሯን ከመርገጫው አነሣች።

«ስንት ማንኪያ ነው?» አላት።

«አልቆጠርኩትም።»

«አንቺ ትቆጥሪያለሽ። ቁልፍ እንኳ ሳትቆጥሪ አትሰፊም።»

«ስምንት።» ወደ ጠርሙሱ ነበር የምታየው። «መጀመሪያ አንድ ነው የጨመርኩት። አንጀቴ አልቻለም። ፊትህ ጠቆረ። ሱሪህን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ መያዝ ጀመርክ። አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል አልኩ። ከዚያ ዓርብ መጣህና ምንም አልቀነስኩም ስትለኝ...»

«ስልሽ ምን?»

«ደስ አለኝ።»

ሚዛነኛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ደስ አለኝ» አለች እንደገና፤ አሁን ቀስ ብላ። «ደስ ስላለኝ ራሴን ፈራሁት። ግን አልተውኩም። ቅጠሉን እቀንሳለሁ፤ ለውዙን እጨምራለሁ፤ አራት መቶ ስትሞላ እከድነዋለሁ።»

«በኔ ሚዛን።»

«ባንተ ሚዛን።»

ውጭ የሰፈሩ ሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማል። የሚስቱ አባት ለትንሽ ነገር ብሎ በእግሩ ሆስፒታል ገብቶ በቃሬዛ ነው የወጣው። ይህን ሚዛነኛው ያውቃል፤ ከተጋቡ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያነሣችው። አሁንም አላነሣችውም። ክሩን ከትከሻዋ አውርዳ እጇ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

«ሚጢጢን ጠልቻት ይመስልሃል?» አለችው። «ጸጉሯን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዩኒፎርሟን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ሁለታችሁም ባንድ ቀን ተጋድማችሁ ልያችሁ ነው የምትሉኝ። አንዳችሁን እንኳ ላስቀር አልኩ። ማንን እያስቀረሁ ማንን እየለቀቅኩ እንደሆነ አላሰብኩትም። ማሰብ አልፈለግኩም።»

«ዛሬ ደውላልኝ ነበር።»

«ምን አለችህ?»

«ከፈራህ ነውር አይደለም አለችኝ። አልቀየምህም አለችኝ።»

ሚስቱ የተጠቀለለውን ክር አፏ ላይ ያዘችው።

ሚዛነኛው ያስብ ነበር። ሰኞ ሄዶ ለሐኪሙ እውነተኛውን ቁጥር ይነግረዋል፤ ሌላ ቀጠሮ ይለምናል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ሚጢጢ ናት። እውነቱን ቢነግራት፣ ከእናቷ በኋላ የቀረችላትን አንዲት እናት ይወስድባታል። ዝም ቢላት፣ ወንድሟን ፈርቶ የከዳት አድርጋ ቆጥራ ሦስት ወር ትተኛለች፤ ሦስት ወሩ ካለ። ዕድሜውን ሙሉ ሲመዝን የኖረ ሰው ነው፤ ይህን ግን በየት በኩል አንሥቶ እንደሚጭነው ጠፋው። በመጨረሻ ሦስተኛ መንገድ ታየው። ምሳ ሰዓት ላይ ሳይከብደው የወጣው ውሸት ትዝ አለው። ስልኩን አነሣ።

ጆሮው ትንሽ ስለሚከብደው የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

«ሚጢጢ፣ እኔ ነኝ። ሰኞ አልደርስም። ግን ፈርቼ አይደለም። ጥፋቱ የኔው ነው። ደብቄ ስበላ ነበር።»

«ምን?»

«ለውዝ። መጋዘን ውስጥ። በየቀኑ።»

ሚዛነኛው ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ትሰድበኛለች ብሎም ጠበቀ፤ በሆዱ ስድቡን ፈልጎት ነበር።

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ» አለች።

ያችው እሺ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተለወጠች። ከእሱ አፍ ያልሆነ ቁጥር ሰምታ የማታውቅ ልጅ፣ ዛሬ የነገራትን ወዲያው ሽታውን ለየችው። ውሸት አልለመደም፤ ያስታውቃል።

ሚስቱ ሰምታለች። ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ስጠኝ።»

ስልኩን በመዳፉ ከደነው።

«ምን ልትያት ነው?»

«ስጠኝ አልኩህ።»

መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ እጇን እንደምትይዘው ነበር የዘረጋችው። ሚዛነኛው ስልኩን ሰጣትና ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። በሩን ገፋ አደረገው። እንዳይሰማ ብሎ ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው እየፈሰሰ ዝም ብሎ መቆም ስለማይሆን፣ ለራት የተቀመጠውን ሰላጣ አውጥቶ ቅጠል በቅጠል ያጥብ ጀመር። ሁለት ጊዜ አጠበው። ሦስተኛ ጊዜ ሊያጥበው ሲል ቧንቧውን ዘጋ። ከወዲያ ክፍል ምንም አይሰማም። ቢላዋ አነሣ።

ሚስቱ ስትገባ ግማሹን ከትፎ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ስልኩን መስኮቱ ላይ አኖረችው።

«እንደ ማገዶ እኮ ነው የፈለጥከው» አለች ወደ ከተፈው ቅጠል አይታ።

«ምን አለችሽ?»

«የዘጋችው መስሎኝ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራሁ። ከዚያ ስንት ማንኪያ ነው አለችኝ።»

«ነገርሻት?»

«ስምንት አልኳት። ለውዙንም ነገርኳት።» ሚስቱ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «ነገ እመጣለሁ አለች። ቢላዋ እንዳትነኪ፣ እትዬ፣ እኔ ነኝ የምከትፈው አለችኝ።»

«እትዬ አለችሽ?»

«አለችኝ።»

ሚዛነኛው ራሱን ነቀነቀ። የቀረውን ቅጠል ከተፈ። ቲማቲም ጨመረ፤ ሎሚ ጨመቀ። ከዚያ እጁን አድርቆ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራና የናሙናውን ሚዛን አወረደው። ገመዱን ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቦታው። እዚህ ሥራ የለውም።»

ሚስቱ ግድግዳው ላይ ያለውን የሚጢጢን ጽሑፍ አየች። እሱ ከመሳቢያው ውስጥ የሻይ ማንኪያ አውጥቶ ከወጥ ቤቱ የዘይት ጠርሙስ ጋር ወደ እሷ አስጠጋላት። የጠርሙሱ ቡሽ ሲነቀል ተሰማ።

ሚዛነኛው ግን አላየም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ጠርሙሱ ተመልሶ እስኪከደን ድረስ ውጭውን ይመለከት ነበር።